ጉልበቱ የከዳው ወታደር

በአማርኛችን «ጉልበት» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው ጭንንና ቅልጥምን የሚያጋጥመው የሰውነት ክፍል ሲሆን፣ ሁለተኛው ኃይል ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ተገቢ መሆኑን ከወታደር የበለጠ የሚያውቅ የለም። ትጥቁንና ስንቁን ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ፣ ከመሰናክል ግንብ ላይ የሚዘል፣ ሌሊቱን ሙሉ ዘብ ቆሞ የሚያድር ሰው፣ ክንዱ የቱንም ያህል የፈረጠመ ቢሆን፣ ጉልበቱ የከዳው ዕለት ኃይሉም አብሮ ይከዳዋል።

በዚህ ሳምንት በቤተሰብ ዓምዳችን የምናነሣው የጉልበት ጅማት ጉዳት እንዴት ተለይቶ እንደሚታወቅ ነው። «ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው እንዲከታተልልን እንጠይቀዋለን። ሐኪሙ ለፍርዱ ከሚያስፈልገው ማስረጃ አብዛኛው የሚገኘው በተጎጂው፣ አብረውት በነበሩት ጓደኞቹና በባለቤቱ ዘንድ ነውና።

በየካምፑ ሊደርስ የሚችል አንድ ሁኔታ እንውሰድ። ወታደሩ በዕረፍት ቀን ኳስ ሲጫወት አንድ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ በድንገት ይዞራል። ጉልበቱ ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማና ይወድቃል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጉልበቱ እንደ ቅል ያብጣል። ለሁለት ሳምንት ያነክሳል፤ በሦስተኛው ሳምንት እብጠቱ ይጎድልና ቀጥ ብሎ መራመድ ይጀምራል። ያየው ሁሉ «እሰይ፣ ዳነ!» ይላል። እሱ ግን ቁልቁለት ሲወርድ ወይም በድንገት ሲዞር ጉልበቱ ይከዳዋል። ይህን ሲናገር «ሥራ ጠልቶ ነው» የሚሉት አይጠፉም። በዚህ ጊዜ ወይ በሰነፍነት ስሙ ይጠፋል፣ ወይም ስሙ እንዳይጠፋ ሕመሙን ይደብቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ ጉልበቱ በተደጋጋሚ በከዳው ቁጥር ጤነኛ የነበረው የመገጣጠሚያው ክፍል ይቀደዳል። በጊዜው ቢታወቅ ሊስተካከል ይችል የነበረው ጉዳት ለዕድሜ ልክ ሕመም ይዳርጋል።

የጉልበት አሠራር

ጉዳዩን ለመረዳት ድንኳናችንን እናስብ። ድንኳን የሚቆመው በምሰሶው ብቻ አይደለም፤ በየአቅጣጫው ተወጥረው በካስማ በታሰሩት ገመዶቹ ጭምር ነው። ጉልበትም እንዲሁ ነው። የጭን አጥንት ከላይ፣ የቅልጥም አጥንት ከታች፣ የጉልበት ሎሚ ከፊት ሆነው ይገጣጠማሉ። እነዚህን አጥንቶች ይዘው የሚያጸኑት አራት ዋና ዋና ጅማቶች ናቸው። ሁለቱ በመገጣጠሚያው ውስጥ እንደ መስቀል ተላልፈው ስለሚገኙ የፊተኛውና የኋለኛው መስቀለኛ ጅማት ይባላሉ። የፊተኛው ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ከመጠን በላይ እንዳይዞር ይይዛል። የኋለኛው ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ያግዳል። የቀሩት ሁለቱ በጉልበት ውስጠኛውና ውጫዊው ጎን ሆነው ጉልበት ወደ ጎን እንዳይከፈት ይጠብቃሉ። በአጥንቶቹ መካከልም ሜኒስከስ የሚባሉ ሁለት ለስላሳ ትራሶች አሉ።

ከድንኳኑ ገመዶች አንዱ ቢበጠስ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ድንኳኑ እንደ ቆመ ይውላል። ጉድለቱ የሚታወቀው ነፋሱ በዚያ አቅጣጫ ሲመጣ ነው። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማቱ የተበጠሰ ወታደርም በሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጤነኛ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። የሐኪሙም ምርመራ በመሠረቱ እያንዳንዱን ገመድ በየአቅጣጫው ሳብ አድርጎ የላላውን ከማግኘት የተለየ አይደለም።

እስከ ፓርክላንድስ

ይህን ምርመራ በተመለከተ «እዚህ ምን ያውቃሉ? ናይሮቢ ሄዶ በመሣሪያ ይታይ» የሚል አስተያየት በየቤቱ ይሰማል። የጎረቤታችን የኬንያ ዋና ከተማ በሕክምና ተቋሞቿ የታወቀች መሆኗ አይካድም። ከመሀል ከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኘውና የህንድ ተወላጆች በብዛት የኖሩበት የፓርክላንድስ ሠፈር ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የተከፈተውና ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሆነው አጋ ካን ሆስፒታል፣ እንዲሁም ኤም ፒ ሻህ ሆስፒታል የሚገኙት በዚሁ ሠፈር ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 በዌስትጌት የገበያ ማዕከል ላይ በተፈጸመው ጥቃት የቆሰሉ ሰዎች በሁለቱም ሆስፒታሎች ተረድተዋል።

ይሁን እንጂ ከሞያሌ ናይሮቢ ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለዚህ ጉዞ ጥሪቱን የሚያሟጥጥ ወይም ከዘመድ የሚበደር ቤተሰብ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ፓርክላንድስ የደረሰ በሽተኛ በቅድሚያ የሚያገኘው መሣሪያ ሳይሆን ሰው ነው። በፓርክላንድስም ሆነ በአዲስ አበባ በጦር ኃይሎች ወይም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአጥንት ሐኪም የሚከተለው የሙያ ሥርዓት አንድ ነው፤ በመጀመሪያ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ በእጁ ይመረምራል፣ በመጨረሻም አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ምስል ያዝዛል። ስለሆነም ሦስቱን በየተራ እንመልከት።

አንደኛው፦ ጥያቄ

የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ተጎዳህ?» የሚለው ነው። እግሩን ተክሎ በመዞር ወይም ከዝላይ ሲያርፍ ከሆነ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ይጠረጠራል። ከውጭ በኩል ጉልበቱን ተመትቶ ከሆነ የውስጠኛው ጎን ጅማት፣ ጉልበቱን አጥፎ በቅልጥሙ ላይ ወድቆ ከሆነ ደግሞ የኋለኛው መስቀለኛ ጅማት ይታሰባል።

ሁለተኛው «መቼ አበጠ?» የሚለው ነው። በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ በፍጥነት ያበጠ ጉልበት ብዙውን ጊዜ በውስጡ ደም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተሙ ጥናቶች ያለ አጥንት ስብራት በዚህ ዓይነት ደም ከቋጠሩት ጉልበቶች መካከል ከ10 ሰባት ያህሉ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት የተጎዳባቸው መሆናቸውን አሳይተዋል። እብጠቱ ቀስ ብሎ በማግሥቱ የመጣ እንደሆነ ግን የሜኒስከስ ወይም የቀለለ ጉዳት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አንዲት ሚስት «ቤት ሲገባ አብጦ ነበር» ወይም «ያበጠው አድሮ ነው» ብላ የምትሰጠው ቃል ለሐኪሙ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛው «ድምፅ ተሰማህ? ይከዳሃል? ተቆልፎ አልዘረጋም ይልሃል?» የሚለው ነው። የሚከዳ ጉልበት የላላ ጅማትን፣ የሚቆለፍ ጉልበት ደግሞ በመገጣጠሚያው ውስጥ የተቀረቀረ የሜኒስከስ ቅዳጅን ያመለክታል።

ሁለተኛው፦ እጅ

የእጅ ምርመራ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከጤነኛው እግር ነው። የአንዱ ሰው ጉልበት በተፈጥሮው የላላ፣ የሌላው የጠበቀ ስለሚሆን፣ ለአንድ ሰው ጉልበት ትክክለኛው መለኪያ የራሱ ሌላኛው ጉልበት ነው።

ከጥንት የሚታወቀው ዘዴ በሽተኛውን በጀርባው አስተኝቶ ጉልበቱን 90 ዲግሪ ማጠፍና ቅልጥሙን እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ወደ ፊት መሳብ ነው። ይህ ዘዴ በቆየ ጉዳት ላይ ጥሩ ቢሆንም፣ ትኩስ ጉዳት ላይ ያሳስታል። ያበጠ ጉልበት በዚያ መጠን ለመታጠፍ አይመችም፤ የጭን የኋላ ጡንቻም ከሕመሙ የተነሣ ተወጥሮ አጥንቱን ይይዘዋል።

በመሆኑም የተሻለ ዘዴ ተፈልጎ ተገኘ። ጉልበቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ብቻ ይታጠፋል። ሐኪሙ በአንድ እጁ ጭኑን አጥብቆ ይዞ በሌላው ቅልጥሙን ወደ ፊት ይስባል። ጤነኛ ጅማት እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ የተበጠሰ ከሆነ አጥንቱ ማቆሚያ አጥቶ ይንሸራተታል። ይህ ምርመራ በአሜሪካዊው ሐኪም በዶክተር ጆን ላክማን ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1976 በጽሑፍ ያሳወቁት ዶክተር ጆሴፍ ቶርግ ናቸው። ተመሳሳዩን ዘዴ ግን ጆርጅ ኑሊስ የተባሉ የግሪክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1875 በፓሪስ ባቀረቡት የመመረቂያ ጽሑፍ ገልጸውት ነበር። ራጅ ከመፈልሰፉ 20 ዓመት በፊት መሆኑ ነው! እ.ኤ.አ. በ2006 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ ይህ ዘዴ ከተበጠሱት ጅማቶች ከመቶ 85ቱን የሚያገኝ፣ ጤነኞቹንም ከመቶ 94ቱን በትክክል የሚለይ መሆኑን አረጋግጧል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው በሁለት እጅና በአንድ አልጋ ብቻ ነው።

የኋለኛው መስቀለኛ ጅማት የሚመረመረው በማየትም ጭምር ነው። በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ ሁለቱንም ጉልበቶቹን ሲያጥፍ፣ ጅማቱ የተበጠሰበት ቅልጥም ከሌላው ይልቅ ወደ ኋላ ሰምጦ ይታያል። የጎን ጅማቶች ደግሞ ጉልበቱን በመጠኑ አጥፎ ቅልጥሙን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ በመግፋት ይፈተሻሉ። ጉልበቱ በአንዱ ጎን ከሌላው እግር አብልጦ ከተከፈተ የዚያ ጎን ጅማት ተጎድቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የጊዜው ነገር ሊጤን ይገባል። ለእጅ ምርመራ ከሁሉ የሚሻለው እብጠቱና የጡንቻው መወጠር ሳይበረታ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ያ ካመለጠ፣ ሐኪሙ ጉልበቱን አሳርፎ እብጠቱ ሲጎድል ከሳምንት ወይም ከ10 ቀን በኋላ እንደገና ይመረምራል። «ተመለስ» የተባለ ወታደር ሕመሙ ቢቀልለትም እንኳ ከቀጠሮው ሊቀር አይገባውም።

ሦስተኛው፦ ምስል

ራጅ እ.ኤ.አ. በ1895 በጀርመናዊው ሊቅ በሮንትገን ተገኘ። ለውትድርና ሕክምና የዋለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ከአገራችን ታሪክ ጋር የተያያዘ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1896፣ ከዓድዋ ድል ጥቂት ወራት በኋላ፣ በኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው ወደ አገራቸው በተመለሱ ሁለት የኢጣሊያ ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረውን ጥይት ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል በራጅ ፈልገው አገኙ።

ራጅ ጥይትንና አጥንትን እንጂ ጅማትን አያሳይም። ስለዚህ «ራጅ ተነሥቶ ምንም አልተገኘበትም» ማለት «ጅማቱ ደህና ነው» ማለት አይደለም። ራጅ የሚነሣው ስብራት መኖር አለመኖሩን ለመለየት ነው። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1995 በካናዳ የኦታዋ ከተማ ሐኪሞች አምስት መመዘኛዎችን አውጥተዋል። ተጎጂው ዕድሜው 55 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የጉልበት ሎሚው ብቻ ሲነካ ካመመው፣ በጉልበቱ ውጫዊ ጎን ያለው የቀጭኑ ቅልጥም ራስ ሲነካ ካመመው፣ ጉልበቱን እስከ 90 ዲግሪ ማጠፍ ካልቻለ፣ ወይም በተጎዳበት ጊዜም ሆነ በሚመረመርበት ጊዜ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ይነሣል። የሻምበሉ የሕክምና ረዳት እነዚህን አምስት ነጥቦች በቃሉ ቢይዛቸው ይጠቀምባቸዋል።

ጅማቱንና ሜኒስከሱን ራሱን የሚያሳየው ኤም አር አይ የተባለው በማግኔት የሚሠራ መሣሪያ ነው። የሰው አካል ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ዘዴ የታየው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ፣ ወይም እጅ የነገረው አጠራጣሪ ሲሆን መሣሪያው ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። ሆኖም ምንም ሕመም በማይሰማቸው ሰዎች ጉልበት ውስጥም አሮጌ ቅዳጅ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ምስሉ ትርጉም የሚያገኘው ከጥያቄውና ከእጅ ምርመራው ጋር ሲገናዘብ ነው። በተለይ ወታደሮች ማስታወስ ያለባቸው አንድ ነገር አለ። ማግኔቱ እጅግ ኃይለኛ ነው። በሰውነቱ፣ ይልቁንም በዓይኑ አካባቢ የቦምብ ፍንጣሪ ወይም ሌላ ብረት የቀረበት ሰው ወደ መሣሪያው ከመግባቱ አስቀድሞ ሳይጠየቅም ቢሆን መናገር አለበት።

ምስል በራሱ ጉልበትን አይጠግንም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በኒው ዮርክ ማራቶን ዋዜማ በኤም አር አይ ሲታይ፣ በቀኝ ጉልበቱ ውስጥ ፈሳሽ መቋጠሩና ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት መቆጣቱ ታወቀ። በማግሥቱ ሮጠ፤ ነገር ግን 26 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ጉልበቱ ከውድድሩ አስወጣው። በዚያው ቀን ሩጫ ማቆሙን ቢያስታውቅም፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐሳቡን ለውጦ ወደ ሩጫው ተመለሰ። የእሱን ያህል ጽናት ያለው ሰው እንኳ የተጎዳን ጉልበት በወኔ ብቻ ሊያዘው አልቻለም። ስለሆነም ጉልበቱ የከዳውን ወታደር ወኔ የለውም ብሎ መፍረድ አይገባም።

ሰዓት የማይሰጥ ጉዳት

እስካሁን የገለጽነው ለቀናት ሊታገሥ የሚችለውን ጉዳት ነው። ከዚህ የተለየ አለ። ከመኪና መገልበጥ፣ ከከፍታ መውደቅ ወይም ከከባድ ምት በኋላ ጉልበቱ ከስፍራው የወለቀ፣ ወይም ወልቆ በራሱ የተመለሰ ከሆነ፣ ከጉልበት በስተኋላ የሚያልፈው ትልቁ የደም ሥር ሊቆረጥ ወይም ሊዘጋ ይችላል። እግሩ ቀዝቅዞ ከገረጣ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ በእግሩ መዳፍ ጀርባ ላይ የደም ትርታ ከጠፋ፣ ያለው ጊዜ የጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ውስጥ ደም ካልተመለሰ እግሩ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ትርታው ቢገኝም እንኳ እንዲህ ያለ ተጎጂ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት።

ለወታደሩ ቤት

የወታደር ባለቤት የሆናችሁ እህቶቻችን፣ ጉልበቱ ያበጠ ሰው ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ሐሳብ ቅቤ ቀብቶ ማሸት ወይም ወጌሻ መጥራት መሆኑን እናውቃለን። ወጌሻ በአገራችን የኖረና ብዙ ሰው የረዳ ባለሙያ ነው። ሆኖም በደም የተሞላን ጉልበት ማሸትና መጎተት መድማቱን ያባብሰዋል፤ የላላውን ጅማት ይበልጥ ያላላዋል፤ የተሰበረ አጥንት ካለም ያፈናቅለዋል። ምን እንደተጎዳ ሳይታወቅ እጅ ማሳረፍ አይገባም። በቅድሚያ የሚያስፈልገው ማሳረፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግ፣ ሳያጠብቁ በፋሻ መጠቅለልና እግሩን በትራስ ከፍ አድርጎ ማስተኛት ነው።

ከዚህም በላይ ባሏ በሐኪም ፊት የማይናገረውን የምታየው ሚስት ናት። ከበርጩማ ሲነሣ ግድግዳ የሚደገፍ እንደሆነ፣ ደረጃ ሲወርድ የታመመውን እግር የሚያስቀድም እንደሆነ፣ ልጁን አቅፎ ሲዞር የሚንገዳገድ እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ይህ ጉዳት የወንዶች ብቻ አለመሆኑንም እናስታውሳለን። በእግር ኳስና በቅርጫት ኳስ የሚወዳደሩ ሴቶች የፊተኛው መስቀለኛ ጅማታቸው የሚበጠስበት መጠን ከወንዶቹ ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑ በጥናት ታውቋል። በሠራዊቱ ውስጥ የሚያገለግሉ እህቶቻችንም «ወለም ብሎኝ ነው» ብለው እንዳያልፉት አደራ እንላለን።

እንግዲህ አንድ ቀላል ነገር እናሳስብ። ጉዳት በደረሰበት ዕለት ብጣሽ ወረቀት ተፈልጎ አምስት ነገሮች ይጻፉበት፦ በስንት ሰዓትና እንዴት እንደተጎዳ፣ ድምፅ መሰማት አለመሰማቱ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንዳበጠ፣ አራት እርምጃ መራመድ መቻል አለመቻሉ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜና በምን አኳኋን እንደከዳው። ይህ ወረቀት በካምፑ ክሊኒክም፣ በጦር ኃይሎች ሆስፒታልም፣ እስከ ፓርክላንድስ መሄድ ግድ ቢሆንም እዚያ ላለው ሐኪም ከየትኛውም መሣሪያ ቀድሞ የሚነበብ ማስረጃ ነው።

የየጓዱ አዛዦችም ድርሻ አላቸው። ቀጥ ብሎ የሚራመድ፣ ነገር ግን «ስዞር ይከዳኛል» የሚል ወታደር ሲቀርብላቸው፣ ከመፍረዳቸው በፊት ጉልበቱን በእጅ ወደሚመረምር ሐኪም ይላኩት። ምርመራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ሰነፍ ተብሎ ወደ መሰናክሉ ሜዳ የተመለሰ ቅን ወታደር የሚያጣው ጉልበት ግን የእሱ ብቻ ሳይሆን የጓዱ፣ የሚስቱና የልጆቹም ነው።